ኩቡን ከማብራት በፊት መመለሻውን፦ በሊኑክስ ዴስክቶፕ ጌጥ ላይ የቀረበ ግምገማ



ባለፈው ተርም አንድ የማታ ተማሪ በኮምፒውተር ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቆየ ወረቀት በጣቱ እያሳየ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ወረቀቱ «ኩብ ማብራት በጥብቅ ክልክል ነው» ይላል። የጻፍኩትም የለጠፍኩትም እኔው ነኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2008። በዙሪያው ያሉት ማስታወቂያዎች ስንት ጊዜ ተቀያይረዋል፤ እሱ ግን ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ አቧራ ጠጥቶ እዚያው አለ። ጠያቂው ልጅ ወረቀቱ ሲለጠፍ ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር።

«ምክንያት አለው» አልኩት። «ምንድን ነው ምክንያቱ?» አለኝ። ማስረዳት ስጀምር ግን የምናገረው ሁሉ ግማሽ በግማሽ እየሆነ አስቸገረኝ። «ኮምፒውተር ያበላሻል» አልኩ። «እንዴት ነው የሚያበላሸው?» አለ። እዚህ ላይ ቆምኩ። ስለዚህ ያገድኩትን ነገር ራሴ እንደገና ተክዬ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ሠርቼበት፣ ይህን ግምገማ ጻፍኩ። ዓላማው ማሞገስም ማውገዝም አይደለም። ያን ጊዜ የሰጠሁት ፍርድ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? የሚለውን ለማየት ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሊኑክስ ላይ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው አንድ ኮምፒውተር ብዙ የሥራ ገበታ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ገበታ ላይ ደብዳቤ፣ ሌላው ላይ የተማሪ ውጤት፣ ሦስተኛው ላይ ኢንተርኔት ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ኩብ የምንለው እነዚህን ገበታዎች በአንድ ሳጥን ጎኖች ላይ ለጥፎ ሳጥኑን የሚያዞር የስሪ ዲ ትርኢት ነው። ኮንትሮልና አልትን ይዛችሁ የቀስት ቁልፍ ስትጫኑ ስክሪኑ በሙሉ እንደ ሳጥን ይዞርና ቀጣዩ ገበታ ፊታችሁ ይመጣል። በዚህ ላይ መስኮት ሲጎተት እንደ ረጋ እርጎ ይርገበገባል፤ ሲዘጋ እሳት ይበላዋል፤ ከተፈለገም ስክሪኑ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ይህን ሁሉ በመሥራት ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ፕሮግራም ኮምፒዝ ይባላል።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው፤ ምክንያቱም ፍርዱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በድሮው አሠራር ፕሮግራሞች ሁሉ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይስላሉ። በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አምስት ተማሪ ጠመኔ ይዞ እንደሚጽፍ ማለት ነው፤ አንዱ የሌላውን ይሸፍናል፤ የተሸፈነው ሲገለጥ ባለቤቱ እንደገና መጻፍ አለበት። በኮምፒዝ አሠራር ግን ለእያንዳንዱ መስኮት በሜሞሪ ውስጥ የራሱ ወረቀት ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ወረቀቱ ላይ ይስላል፤ ኮምፒዝ ደግሞ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በግራፊክስ ካርዱ አማካይነት ስክሪኑ ላይ ይደረድራቸዋል። ወረቀት ከሆነ ሊታጠፍ፣ ሊጎላ፣ ሊደበዝዝ ይችላል። አስማቱ ይኸው ነው።

ወረቀቱ ግን በነፃ አይገኝም። 1024 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ ሙሉ ስክሪኑን የያዘ አንድ መስኮት ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ይፈልጋል። እስቲ አባዙት፦ 1024 በ768፣ ውጤቱ ደግሞ በ4 ሲባዛ 3,145,728 ባይት ይሆናል፤ ይኸውም 3 ሜጋባይት ነው። ስምንት መስኮት ቢከፈት 24 ሜጋባይት። ለዛሬ ማሽን ይህ ምንም አይደለም። ከዋናው ሜሞሪ 64 ሜጋባይት ብቻ ለግራፊክስ ተበድሮ ለሚሠራ ለቆየ ማሽን ግን ከጠባብ ራሽን ላይ እንደ መቆንጠር ነው።

ከየት መጣ?

ዴስክቶፕን የሦስት አቅጣጫ ለማድረግ መሞከር በኮምፒዝ አልተጀመረም። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሉኪንግ ግላስ የተባለ ሙከራ አሳይቶ ነበር። በዚያው ዓመት አፕል የተከፈቱትን መስኮቶች ሁሉ አሳንሶ ጎን ለጎን የሚዘረጋ ኤክስፖዜ የተባለ ዘዴ በማክ ላይ አወጣ። ኮምፒዝን ግን በኖቬል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ሬቭማን በ2006 መጀመሪያ ላይ አቀረበው። በዚያው ዓመት የተወሰኑ ተጠቃሚዎች «ይበልጥ ማሸብረቅ አለበት» ብለው ተገንጥለው ቤሪል የሚባለውን አወጡ፤ በ2007 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ታርቀው ኮምፒዝ ፊውዥን ተባለ። በ2007 ጥቅምት የወጣው ኡቡንቱ 7.10 ካርዱ በሚችል ማሽን ላይ ኮምፒዝን ራሱ አብርቶ መምጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። በ2007 ጥር ለሕዝብ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ሙሉ ጌጡን ለማሳየት 1 ጊጋባይት ሜሞሪና 128 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ይጠይቅ ነበር። ኮምፒዝ ግን ከዚያ ባነሰ ማሽን ላይ፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ፈቃድ ቁጥር ይዞር ነበር። ሌላው «ጣሉት» ያለውን ማሽን ተቀብለን ለምንሠራ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ልጆቹ በሀብታም ሀገር ማስታወቂያ ላይ ያዩትን ነገር፣ እንዲያውም ከዚያ የባሰውን፣ በጄኔሬተር መብራት ሥር በአሮጌ ፔንቲየም ላይ ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው እኔ ምስክር ነኝ። ተሰልፈው ነበር የሚያዩት።

በ2008 ምን ሆነ?

ያን ጊዜ ክፍሉ 11 ኮምፒውተር ነበረው። ኡቡንቱ 8.04ን የጫንነው ኩባንያው በፖስታ በነፃ ይልክ ከነበረው ሲዲ ነው፤ ይህ የሲዲ ስጦታ በ2011 ቆሟል። ተማሪዎቹ በሙሉ የሚገቡት በአንድ ዩዘር ነበር። ፓስወርዱም ግድግዳው ላይ ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዱ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣና ከሁሉ ኋላ የሚወጣ ልጅ፣ ከጓደኛው በፍላሽ ያገኘውን የኮምፒዝ ማስተካከያ ፕሮግራም በሦስት ማሽኖች ላይ ጫነና ኩቡን አበራው። ሠራለት። ደስ ብሎት ሌላም ሌላም ነካካ። የነካካበት ማታ ደግሞ በማግሥቱ የተግባር ፈተና የሚሰጥበት ነበር።

ጠዋት ስንከፍት በሦስቱ ማሽኖች ላይ መስኮቶቹ ራስጌ የላቸውም። መዝጊያ የለ፣ ማሳነሻ የለ፣ ይዞ መጎተቻ የለ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ማስተካከያው በዩዘሩ ፋይል ውስጥ ተቀምጧላ! ማጥፋት ማብራት ምን ሊረባ? እኔ ግን ይህን አላወቅሁም። ሦስቱን ማሽኖች እንደ አዲስ ለመጫን ወሰንኩ፤ ፈተናው ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛወረ። ከተፈታኞቹ አንዷ በዚያው ሳምንት የጉዞ ቀኗ ደርሶ ሰርተፍኬቷን ሳትይዝ ሄደች። ስትሰናበተኝ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁን ለአንድ ተርም ከክፍሉ አገድኩት። ወረቀቱንም ለጠፍኩ። ተርሙ አለቀ፤ ልጁ ግን ተመልሶ አልመጣም።

እንግዲህ ወረቀቱ የዚህ ሁሉ ቅጣት ነው። ጥያቄው ግን ጥፋቱ የማን ነበር? የሚለው ነው።

እንዴት ይተከላል?

ወደ ፍርዱ ከመሄዴ በፊት ዛሬ እንዴት እንደተከልኩት ልናገር። ትእዛዞቹን በንባባቸው ነው የምጽፈው፤ በላቲን ፊደል የተጻፉት ክፍላችን ግድግዳ ላይ አሉ።

አንደኛ፣ ካርዱን መጠየቅ ነው። ጂ ኤል ኤክስ ኢንፎ የሚባለውን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ጻፉና ሁለት መስመር ፈልጉ። «ዳይሬክት ሬንደሪንግ» የሚለው መስመር «የስ» ማለት አለበት። «ሬንደረር» የሚለው መስመር ላይ ደግሞ የካርዱ ስም መኖር አለበት። በካርዱ ስም ፋንታ «ኤል ኤል ቪ ኤም ፓይፕ» የሚል ካገኛችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። ካርዱ ሥራውን አልያዘም፣ ስዕሉን ሁሉ የሚስለው ዋናው ፕሮሰሰር ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ኩብ ቢበራ ፋኑ ይጮሃል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ሌላው ሥራ ይንቀራፈፋል። በእኛ ሙቀትና በእኛ አቧራ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዝን፣ ተጨማሪ ፕለጊኖቹንና ሲ ሲ ኤስ ኤም የሚባለውን ማስተካከያ መጫን ነው። እኔ የሠራሁት በኡቡንቱ ማቴ 22.04 ላይ ነው፤ ለቆየ ማሽን ቀለል ያለ ስለሆነ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ኮምፒዝ የሚሠራው ኤክስ በሚባለው የቆየው የስክሪን ሥርዓት ላይ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ሊኑክሶች ወደ ዌይላንድ እየተሻገሩ ስለሆነ እዚያ ላይ ኮምፒዝ አይነሳም። ኡቡንቱ ራሱም ከ2011 እስከ 2017 ዩኒቲ የተባለውን ገጽታውን ያቆመው በኮምፒዝ ላይ ነበር፤ በ17.10 ግን ወደ ግኖም ተመለሰ። በዌይላንድ ላይ ኩብ የሚፈልግ ሰው ዌይፋየር የሚባለውን መሞከር ይችላል። የኬ ዲ ኢው ፕላዝማ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ትቶት የነበረውን ኩብ በ2024 በወጣው ስድስተኛ እትሙ መልሶታል።

ሦስተኛ፣ ማስተካከያውን ከፍቶ «ዴስክቶፕ ኩብ» እና «ሮቴት ኩብ» የሚሉትን መምረጥ ነው። «ዴስክቶፕ ዎል» ከሚለው ጋር ይጋጫሉና ፕሮግራሙ አንዱን ላጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ሳታነቡ እሺ አትበሉ። ከዚያ «ጄነራል ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዴስክቶፕ ሳይዝ» ገብታችሁ የአግድሙን ቁጥር 4 አድርጉት። «ኩቡ አልሠራም» የሚሉኝ ተማሪዎች ዘጠና ከመቶ ማለት ይቻላል የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቁጥሩ 2 ከሆነ ሳጥን አይወጣም፤ ሁለት ገጽ ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው የሚዞረው።

አራተኛ፣ «ዊንዶ ዴኮሬሽን»፣ «ሙቭ ዊንዶ» እና «ሪሳይዝ ዊንዶ» የሚሉት ምልክታቸው እንዳለ መቅረቱን ማረጋገጥ ነው። የ2008ቱ ጉድ በሙሉ የመጣው ከእነዚህ የመጀመሪያው ላይ ምልክቱ በመነሳቱ ነው። አንዲት ጠቅታ!

የሚረባውና የማይረባው

ኮምፒዝን በጅምላ ማመስገንም ሆነ በጅምላ ማውገዝ ስህተት ነው። የፕለጊን ጥርቅም ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘን።

እሳቱና ዝናቡ ይውጡ። ምክንያቴ ለቁም ነገር አይመጥኑም የሚል አይደለም። ኮምፒዝ በተለመደው ጊዜ ስክሪኑ ላይ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው እንደገና የሚስለው፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ብዙ አይሠራም። ዝናቡ ግን ካልቆመ ካርዱ ያለ ዕረፍት ይስላል። በሶላር ባትሪ ለሚኖር ክፍል ዝናብ ማለት የመጨረሻውን ፈረቃ ተማሪ መብራት መጠጣት ነው። በሺፍትና ኤፍ 9 ይበራል፤ በዚያው ይጠፋል። አንድ ጊዜ አይታችሁ ተዉት።

ማጉያው ይግባ። ሱፐር የሚባለውን ቁልፍ ይዞ የማውሱን ጎማ ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው፤ ማውሱ ያለበት ቦታ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ይህ ከኮምፒዝ ሥራዎች ሁሉ ለእኛ የሚበልጠው ነው። ፕሮጀክተር በሌለበት ክፍል ስምንት ተማሪ በአንድ ስክሪን ዙሪያ ቆሞ ሲማር ከኋላ ያለው አያይም። በተለይ የእኛ ፊደል በትንሽ ስክሪን ሲጻፍ ጹ ከጺ፣ ቱ ከቲ፣ ሕ ከሐ አይለይም፤ ልዩነቱ አንዲት ቅጥያ ናት። ዓይኗ የሚደክም አንዲት ተማሪዬ እስከ አሁን ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ነበር የምትጽፈው። ማጉያውን ካሳየኋት ቀን ጀምሮ ቀና ብላ ትቀመጣለች። ሱፐርና ኤም ሲጫኑ ደግሞ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል፤ ብርሃን ለሚያስቸግረው ሰው ይረዳል። ዛሬ ሌሎቹም ዴስክቶፖች የራሳቸው ማጉያ አላቸው፤ የኮምፒዙ ግን ለስላሳና ፈጣን ነው።

ኤክስፖም ይግባ። ሱፐርና ኢ ሲጫኑ አራቱም ገበታዎች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። አንድን ማሽን ለሦስት ለሚጋሩ የቡድን ተማሪዎች የማን ሥራ የት እንዳለ በአንድ ዓይን ያሳያል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ ከኩቡ ይልቅ ኤክስፖ በተሻለ ይሠራዋል። ኩቡ ሲዞር ቀጣዩን ገበታ ያሳያል እንጂ አራቱን በአንድ ጊዜ አያሳይም። በመሣሪያነት ከመዘንነው ኩቡ ደካማ ነው። ይህን መካድ አልችልም።

ታዲያ ኩቡና የሚርገበገበው መስኮት ምን ይረባሉ? መልሱን የሰጡኝ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ባልደረቦቼ ናቸው። የሒሳብ መምህሩ የአግድሙን ቁጥር 3 ሲያደርጉት ባለ ሦስት ጎን፣ 6 ሲያደርጉት ባለ ስድስት ጎን ፕሪዝም እንደሚወጣ አሳይተው፣ «አንድ ገጽ ለመሄድ ስንት ዲግሪ ይዞራል?» ብለው ጠየቁ። 360 ለ3፣ 360 ለ4፣ 360 ለ6 ሲካፈል። ሰሌዳ ላይ ቢሳል ግማሹ ክፍል እንቅልፍ ይወስደው የነበረ ትምህርት ነው። አንዷ ተማሪም «ኩብ ስድስት ገጽ አለው፤ የእኛ ግን የምንሠራበት አራት ብቻ ነው፤ ላይና ታቹስ?» ብላ ጥሩ አድርጋ ያዘቻቸው። ፕሮግራሙ ላይና ታቹን ክዳን ብቻ ነው የሚያደርጋቸው።

የፊዚክስ መምህሯ ደግሞ የሚርገበገበውን መስኮት ማስተካከያ ከፈቱ። በውስጡ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ «ፍሪክሽን»፣ ሌላው «ስፕሪንግ ኬ» ይባላል። ሰበቃና የሞላ ጥንካሬ መሆናቸው ነው! መስኮቱ በውስጥ በሞላ የተያያዙ ነጥቦች መረብ ሆኖ ነው የሚሰላው። ሰበቃውን ሲቀንሱት መስኮቱ ረጅም ጊዜ ይወዛወዛል፤ ሲጨምሩት ቶሎ ይረጋል። ክፍሉ ውስጥ አንድ እውነተኛ ሞላ የለንም። ይህ ግን አለን።

ትልቁ ጉድለት

አሁን ወደ ዋናው ነቀፋዬ ልምጣ። ኮምፒዝን ብዙ ሰው የሚነቅፈው ከባድ ነው፣ ጌጥ ነው ብሎ ነው። ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ክብደቱም ጌጡም አይደለም። መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው።

እስቲ አስቡት። የስክሪኑን መጠን ስትቀይሩ ኮምፒውተሩ «ይህን ልተወው ወይስ ልመልሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ስክሪኑ ጨልሞ መልስ ካልሰጣችሁት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ያሰበ ሰው ተጠቃሚው ሊሳሳት እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው። የኮምፒዝ ማስተካከያ ግን የመስኮት ራስጌ የሚያቆመውን ፕለጊን ስታጠፉ «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አይላችሁም። ከዚህም የባሰው፣ ብዙ መጻሕፍት «ችግር ሲገጥም አልትና ኤፍ 2 ተጫንና ትእዛዝ ጻፍ» ይላሉ። ይህ አቋራጭ ራሱ በኮምፒዝ ሥር የሚሠራው በአንድ ፕለጊን አማካይነት ነው፤ እሱም ከጠፋ መውጫው በር አብሮ ተቆልፏል።

በዚያ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ምርጫዎች አሉት፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ስም፣ ማብራሪያቸው ግን ስሙን መልሶ መድገም ነው። እሳትና ዝናብ ለመሥራት ያን ያህል የደከሙ ሰዎች፣ አንዲት የመመለሻ ቁልፍ ፊት ለፊት ለማስቀመጥ አልደከሙም። ወደ ነበረበት የሚመልስ ምርጫ አለ፤ «ፕሪፈረንስስ» በሚለው ገጽ ውስጥ ነው። መስኮቱን መያዝ ያቃተው ሰው ግን እዚያ ድረስ እንዴት ይሄዳል?

መፍትሔውን ያገኘው ያ ጠያቂዬ ተማሪ ነው። ይህን ጉድለት ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «ቲቸር፣ እኛ ራሳችን ለምን አንሠራውም?» አለኝ። ተርሚናል ከፍቶ አንድ መስመር ጻፈ፦ ስሊፕ፣ ክፍት ቦታ፣ 120፤ ቀጥሎ ሴሚኮለን፤ ከዚያ ማርኮ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝና ሪፕሌስ። ትርጉሙ «ለ120 ሰከንድ ተኛ፤ ከዚያ ማርኮን መልስ» ነው። ማርኮ የኡቡንቱ ማቴ የተለመደው የመስኮት አስተዳዳሪ ነው። ይህን ካስነሳ በኋላ በሁለተኛ ተርሚናል ኮምፒዝ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ሪፕሌስ ብሎ ኩቡን አበራ። ከዚያ ሆን ብሎ የመስኮቱን ራስጌ አጠፋው። ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅን። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ማርኮ ተመለሰ፤ ራስጌዎቹም ተመለሱ። ሁሉ ደህና ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ደቂቃ ከመሙላቱ በፊት የመጀመሪያው ተርሚናል ላይ ኮንትሮልና ሲ ተጭኖ ማስቆም ነው።

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ቢሆንም ልቤ ወደዚያኛው ልጅ ሄደ።

የእኔ ድርሻ

እንግዲህ የ2008ቱን ጥፋት ላከፋፍል። ኮምፒዝ ድርሻ አለው፤ መመለሻ ሳያስቀምጥ ሁሉን ክፍት ትቷል። ልጁም ድርሻ አለው፤ ነገ ፈተና ባለበት ማሽን ላይ ማታ አይነካካም። ትልቁ ድርሻ ግን የእኔ ነው። ሁሉም ተማሪ በአንድ ዩዘር እንዲገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የኮምፒዝ ማስተካከያ የሚቀመጠው በየዩዘሩ ማኅደር ውስጥ ነው። ለልጁ የሙከራ ዩዘር ከፍቼለት ቢሆን ኖሮ ያበላሸው የራሱን ገበታ ብቻ ነበር፤ በማግሥቱ ተፈታኞቹ በፈተናው ዩዘር ገብተው ይፈተኑ ነበር። ሌላው ቀርቶ በዚያ ጠዋት ሦስቱን ማሽን እንደ አዲስ ከመጫን ይልቅ አዲስ ዩዘር ብከፍት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላወቅሁም። አለማወቄን ደግሞ በወረቀት ሸፈንኩት።

ከወረቀቱ ሥር ሌላም ሐሳብ ነበረ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «ካምፕ ውስጥ ላለ ልጅ ጌጥ ምን ያደርግለታል? ታይፕ ይማር፣ ሰርተፍኬቱን ይያዝ» የሚል ሐሳብ ነው። ይህን ሐሳብ ብዙዎቻችን መምህራን በየልባችን እንይዘዋለን። የሚያስፈልገው ዱቄትና ዘይት ብቻ ነው ብሎ እንደ መደምደም ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የግራፊክስ ካርድ፣ ድራይቨር፣ የዩዘር ማኅደር የሚሉትን ቃላት ከታይፕ ትምህርት ያገኘ አንድም ተማሪ አልነበረኝም። ያ ልጅ ግን ማንም ሳያስተምረው ያውቃቸው ነበር። ያወቃቸውም ኩቡን ሊያዞር ብሎ ነው።

ይህን ስል ግን ያቺን ሰርተፍኬቷን ሳትይዝ የሄደችውን ተማሪ ረስቼ አይደለም። «ይነካኩ፣ ይማሩ» ብሎ በጅምላ መልቀቅ በእሷ ላይ መፍረድ ነው። የአንዱ ሙከራ የሌላውን ተራ መብላት የለበትም። ክልከላውም ልቅነቱም ቀላል መንገዶች ናቸው፤ አስቸጋሪው መመለሻ ማዘጋጀት ነው።

ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ

የኮምፒውተር ክፍል የምትመሩ ባልደረቦቼ፣ እኛ ከዚህ ተርም ጀምሮ የምንሠራው እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ሦስት ዩዘር አለ፤ አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለሙከራ። የሙከራው ዩዘር ቢበላሽ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይከፈታል፤ ማንም አይቆጣም። የመጫን ሥልጣን ያለው ፓስወርድ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ከፈተና በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ሙከራ የለም። ኩብ ማብራት የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያ አንድ ጓደኛው እያየው የሁለት ደቂቃውን መመለሻ ይጽፋል፣ ሆን ብሎ ራስጌውን ያጠፋል፣ ሲመለስም ያሳያል። ይህን ያሳየ ተማሪ የፈለገውን ያብራ። ዝናቡ ብቻ ሶላሩ በሚሞላበት እኩለ ቀን ላይ ይሁንልኝ።

ኮምፒዝ ራሱ እያረጀ ነው፤ ዌይላንድ ሲስፋፋ ይህ ፕሮግራም ከክፍላችንም መሰናበቱ አይቀርም። መመለሻን ቀድሞ ማዘጋጀት የሚለው ልማድ ግን ለድራይቨርም፣ ለኔትዎርክም፣ ለሰርቨርም ያገለግላል። ተማሪው ከኩቡ ይዞት የሚሄደው ይህንን ነው።

ወረቀቱን ባለፈው ዓርብ ጠያቂዬ ራሱ አነሳው። ቴፑ ከግድግዳው ቀለም ይዞ ወጣ። በቦታው የተለጠፈው አዲሱ ወረቀት «መመለሻውን ያሳየ ያብራ» ይላል፤ ከሥሩ ያቺ የስሊፕ መስመር አለች።

በሌሎች ክፍሎች የምታስተምሩ፣ በተለይ በዌይላንድ ላይ እንዲህ ያለ የመመለሻ ዘዴ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። በ2008 ያገድኩህ ልጅም ይህን ጽሑፍ የትም ሆነህ ብታነበው፣ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አልነበረም። ወንበሩ ክፍት ነው።